እንቅልፍ ስለሚያመጣው የጉንፋን ክኒን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ አንዲት ትንሽ ክኒን ለመናገር መነሣታችን ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ዳሩ ግን ይህች ክኒን ያለ ሐኪም ማዘዣ የምትገዛና በየቤታችን መሳቢያ የምትገኝ ስለ ሆነች፣ ጠባይዋን ማወቅ ለሁላችንም የሚበጅ መስሎ ታይቶናል።

እንደምታውቁት ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ጉንፋን የማይጎበኘው ቤት የለም። ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ደግሞ አየሩ ሞቅ ይላል፤ የመንገዱ አቧራና በመኸር ከየአውድማው የሚነሣው ብናኝ ያስነጥሰናል፣ ዓይናችንንም ያሳክከናል። እኛም ሁሉንም በአንድነት «ሳይነስ» እንለዋለን። ነገር ግን ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። አለርጂ የሚባለው ግን ሰውነታችን ብናኙን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ሲያፈልቅ የሚመጣ ነው።

ሂስታሚንን የሚከላከለውን የመጀመሪያ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1937 ዓ.ም. በፓሪስ የፓስተር ተቋም ያገኘው ዳንኤል ቦቬ ነው፤ ስለዚህና ስለ ሌሎች ሥራዎቹም እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት አንዱ ክሎርፌኒራሚን ሲሆን፣ በብዙ የጉንፋን ክኒኖች ውስጥ ይገኛል። የአፍንጫን ፈሳሽ ያደርቃል እንጂ የጉንፋኑን ቫይረስ አይገድልም። በአንጎል ውስጥ ያለው ሂስታሚን ደግሞ ነቅተን እንድንቆይ የሚረዳን ነው። ይህ መድኃኒት ወደ አንጎል ገብቶ ሥራውን ስለሚያግድበት እንቅልፍ ያመጣል።

ከመካከላችን የአንዱ አባት የሚኒባስ ሾፌር ናቸው። ባለፈው ዓመት ጉንፋን ይዟቸው ጠዋት አንድ ክኒን ዋጡ፤ አልሻል ቢላቸው ጥቂት ቆይተው ከሌላ ማሸጊያ ሌላ ጨመሩ። የሁለቱ ስም ቢለያይም በውስጣቸው ያለው መድኃኒት አንድ ነበረ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ቁልቁለቱና መጠምዘዙ ግን እንዴት እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በዚያ መካከል ራሳቸው ዘንበል ሲል ረዳቱ አይቶ «ጋሼ! ጋሼ!» ብሎ ጮኸ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ባንነው መኪናውን ዳር አቆሙ፤ ተሳፋሪዎቹም በሌላ መኪና ሄዱ። መድኃኒቱን ሲገዙ ሾፌር መሆናቸውን አልተናገሩም ነበር። ልጃቸውም በዚያ ጠዋት አጠገባቸው ተቀምጦ ደብተሩን ያነብ ነበር እንጂ የክኒኑን ማሸጊያ አላነበበም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንድናስብ እንለምናለን።

አንደኛ፣ መድኃኒት ስንገዛ ሥራችንን እንናገር፤ «እንቅልፍ ያመጣል ወይ?» ብለንም እንጠይቅ። የሚያመጣ ከሆነ መኪና አንንዳ፣ በፋብሪካም ማሽን አንንካ። ማታ የተዋጠ ክኒን ጠዋትም ሊያፈዝ ይችላል። ጠላ፣ ጠጅ ወይም አረቄ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ሁለተኛ፣ ሁለት ዓይነት የጉንፋን ክኒን በአንድነት አንውሰድ። ብዙዎቹ ፓራሲታሞል ስላለባቸው፣ ከመጠን ሲያልፍ ጉበትን ይጎዳል።

ሦስተኛ፣ ለአለርጂ እንቅልፍ እምብዛም የማያመጡ እንደ ሎራታዲንና ሴቲሪዚን ያሉ አሉ። ለጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን አንድ ባለ 10 ሚሊግራም ክኒን ይበቃል። ሆኖም ሴቲሪዚን አንዳንዱን ሰው ስለሚያስተኛ መጀመሪያ ሥራ በሌለበት ቀን መሞከር ይሻላል።

አራተኛ፣ የአዋቂን ክኒን ቆርሰን ለሕፃን አንስጥ። በተለይ ፕሮሜታዚን የተባለው ትንፋሽን ሊያዳክም ስለሚችል ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። እርጉዞች፣ አረጋውያን፣ የዓይን ግፊት ያለባቸውና ሽንት የሚቸግራቸውም አስቀድመው ባለሙያ ይጠይቁ።

አምስተኛ፣ ከንፈርና ምላስ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ክኒን አይበቃም፤ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

የተወደዳችሁ ተማሪዎች፤ በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ወላጆቻችን እኛን ለማስተማር ደክመዋል፤ ብዙዎቹ ግን ያንን ጽሑፍ ማንበብ አይችሉም። እንግዲህ በቤቱ ውስጥ አንባቢው ተማሪው ነው። ዛሬ ማታ ስንገባ መሳቢያውን ከፍተን በማሸጊያው ላይ ያለውን ለአባታችንና ለእናታችን እናንብብላቸው። ጽሑፉ ያልገባን እንደ ሆነ ወደ መድኃኒት ቤት ይዘን ሄደን እንጠይቅ። ለተማርንበት ቤት የምንከፍለው ውለታ ከዚህ ቢጀምር መልካም ነው።