ስልኩን ያልዘጉት እናት

እሷ፦ እስቲ ልጠይቅህ። አንዲት እናት ባንክ መስኮት ላይ ደብተራቸውን ዘርግተው ያላቸውን ብር በሙሉ ሊያወጡ ነው። ስልኩ ግን ከጆሯቸው አልወረደም። ገንዘብ ከፋዩ አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?

እሱ፦ እከፍላለኋ! ገንዘቡ የሳቸው፣ መታወቂያው ትክክል። ከኋላ ደግሞ ሰልፉ እያጉረመረመ ነው።

እሷ፦ አጭበርባሪው የሚተማመነው በዚያ ሰልፍ ነው። «ልጅሽ ታስሯል፣ ለማንም እንዳትነግሪ» እያለ በስልክ እየነዳቸው ይሆናል።

እሱ፦ «ለምን ፈለጉት?» ብላቸውስ?

እሷ፦ መልሱን አስጠንቷቸዋል። «ለቤት እድሳት» ይሉሃል። ይልቅ «እማማ፣ ዛሬ ማን ደወለልዎት? ብሩን ያውጡ ያለዎት ሰው አለ?» በላቸው። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ታዲያ፤ ሰው ፊት ማሳፈር ሌላ በደል ነው። ቢቻል ወንበር ያለበት ክፍል ይግቡ፣ ስልኩም ይዘጋ።

እሱ፦ «ምን አገባህ!» ቢሉኝስ?

እሷ፦ ሊሉህ ይችላሉ። እንግሊዞች ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2016 ለንደን ላይ መላ አበጁ፦ ሠራተኛው ሲጠረጥር ለፖሊስ ይደውላል፣ ፖሊስ እዚያው ቅርንጫፍ ይደርሳል። በ2018 በመላው አገሪቱ ተሠራበት። ሠራተኛው ብቻውን አይጋፈጥም ማለት ነው፤ እኔ የወደድኩት ይህን ነው።

እሱ፦ እኛ ዘንድ ግን ብሩ በቴሌብር ከሳሎን ይላካል። መስኮቱ የታለ?

እሷ፦ ጭንቁ እሱ ነው። ለዚህ ነው መስኮት ድረስ የመጡትን እናት እንዲሁ መሸኘት የሚቆጨኝ። ቢያንስ ፊታቸውን አይተኸዋል።

እሱ፦ ሰልፉስ?

እሷ፦ ይጠብቃላ!