እጇን ሳናውቅ ሥራዋን አንሸልም

(በሴቶች የእጅ ጥበብ ውድድርና ትርኢት መክፈቻ ላይ ለእንግዶችና ለደጋፊዎቻችን የተደረገ ንግግር)



 

በዚህ አዳራሽ ውስጥ የምታዩአቸው ሞሰቦች፣ አገልግሎች፣ ጀበናዎች፣ ገንቦዎች፣ ምጣዶች፣ የጥጥ ፈትሎችና ጥልፎች ሁሉ በዚህ አካባቢ በሚኖሩ ሴቶች እጅ የተሠሩ ናቸው። ስለ ውበታቸው ብዙ አልናገርም፤ ዐይን አላችሁና ራሳችሁ ታያላችሁ። እኔ ልናገር የተነሣሁት በየዕቃው ላይ ስለ ተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ነው። በዚያች ወረቀት ላይ የሠሪዋ ስም፣ የመንደሯ ስምና ራሷ የቈረጠችው ዋጋ ተጽፏል። ወረቀቷ እንዴት እንደ መጣች ብነግራችሁ ውድድሩ ለምን እንደሚደረግም ይገባችኋል ብዬ አምናለሁ።

ውድድሩን መጀመሪያ ያሰብነው ከአንድ ክፉ የረኃብ ወቅት በኋላ ነበር። ለብዙ ወራት እህል ስናድል ቆይተን ነበር። ማደሉ አስፈላጊ ነበር፤ ሕይወትም አትርፏል። ነገር ግን ለወራት በሰልፍ ቆማ ስፍር የተቀበለች ሴት ራሷን እንደ ተቀባይ ብቻ ማየት ትጀምራለች፤ እኛም እርስዋን በካርድ ቍጥሯ ማወቅ እንለምዳለን። ስለዚህ በመዝገባችን ላይ ቍጥር ሆነው የቀሩትን ሴቶች በእጃቸው ሥራ እንወቃቸው ብለን ተነሣን። ሐሳቡ መልካም ነበር። አፈጻጸሙ ግን ጉድለት ነበረበት፤ ጉድለቱም የእኔ ነው።

ማስታወቂያውን ያስነገርሁት እሑድ ከስብከት በኋላ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። «ምርጥ የእጅ ሥራ ያላት ታምጣ» አልሁ እንጂ «የሠራችው ታምጣ» አላልሁም። በውድድሩ ቀን አንድ ገንቦ ዳኞቹን ሁሉ አስደነቀ። አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ሆዱ ከየትም በኩል ቢያዩት ሚዛኑን የጠበቀ፣ ገላው በለስላሳ ድንጋይ ተፈግፍጎ ዘይት የተቀባ የሚመስል ነበር። አንደኛ ወጣ። ገንቦውን ያመጣችው እኅት በመካከላችን የተከበረች፣ ለድሀ የምታዝን ሴት ናት። ብርድ ልብስ ሸለምናት፤ አጨበጨብንላትም።

ሕዝቡ ሲበተን ከአጥሩ ውጭ የቆሙ አንዲት እናት አየሁ። ዘበኛው «አንቺ፣ ምን ትፈልጊያለሽ? ሂጂ» ይላቸዋል። ወጥቼ «ይግቡ እንጂ፣ እማማ» ብላቸው አልገቡም።

«ልጄ፣ ያን ገንቦ እኔ ነኝ የሠራሁት» አሉኝ። «ገበያ ላይ ስለ ሸጥሁት የእኔ አይደለም። ብርድ ልብሱም ይቅርብኝ። ግን ገልብጠህ ሥሩን እየው፤ ሁለት የጥፍር ምልክት አለበት። ምልክቱ የእኔ ነው።»

ተመልሼ ገንቦውን ገለበጥሁት። ሁለቱ የጥፍር ምልክቶች ነበሩ። ወደ አጥሩ ስመለስ እኒያ እናት ሄደዋል።

ለተሸለመችው እኅት ነገሩን ስነግራት ደነገጠች። «ምርጥ ዕቃ ያላት ታምጣ አላችሁ እንጂ ማን ሠራው ብላችሁ መች ጠየቃችሁኝ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አልጠየቅኋትም። በማግሥቱ ብርድ ልብሱን ይዛ ከእኔ ጋር ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ሄደች። መንደሩ ከቤቷ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። በዚያ ዕድሜዋ ሁሉ ወደዚያ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። እኔም በልማት ሠራተኛነት በወረዳው ሦስት ዓመት ስቈይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከእናንተ መካከል ከሩቅ የመጣችሁ ይህ ለምን ሆነ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በአገራችን በብዙ ስፍራ ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች ሲናቁ ኖረዋል። በሲዳማ፣ በከምባታ፣ በሀዲያ፣ በወላይታ፣ በዳውሮና በጋሞ ለሸክላ ሠሪው ወገን የተሰጠ የየራሱ ስም አለ፤ ስሞቹ እንደ ስድብ ስለሚነገሩ እዚህ አልጠራቸውም። በጎንደር አካባቢም የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ ሴቶች ለዘመናት «ቡዳ» እየተባሉ ይፈሩና ይታሙ ነበር። ከእነርሱ ጋር መጋባት ነውር፣ አብሮ በአንድ ማዕድ መቅረብም እንደ ርኵሰት የሚቈጠርበት ስፍራ ብዙ ነበር፤ መቃብሩ እንኳ የተለየበት አለ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። ማዕዱንና ጋብቻውን ግን አዋጅ ብቻውን አልለወጠውም።

የሚያሳዝነው ከእነዚህ እናቶች እጅ ያልበላ ሰው በመካከላችን አለመኖሩ ነው። ወጣችን የሚሠራው በድስታቸው ነው። እንጀራችን የሚጋገረው በምጣዳቸው ነው። ቡናችን የሚፈላው በጀበናቸው ነው። ዕቃው እስከ ጓዳችን ሲገባ ሠሪዋ ከደጅ ትቀራለች።

ሥራው እንዴት ያለ እንደ ሆነ በዚያ መንደር ተቀምጬ አየሁ። ጭቃው ራቅ ካለ ጕድጓድ ተቈፍሮ በጀርባ ይመጣል። ደርቆ ይወቀጣል፤ ይነፋል፤ ከዚያም ከተወቀጠ ገል ጋር ተደባልቆ ይቦካል። አሮጌው ገል አዲሱን ዕቃ በእሳት ውስጥ እንዳይሰነጠቅ ያጸናዋል። መዘውር የለም፤ ዕቃውን የሚያዞሩት የሴቲቱ እጆች ናቸው፤ ወይም ራሷ ጐንበስ ብላ ትዞረዋለች። ሲደርቅ በለስላሳ ድንጋይ ይፈገፈጋል። ለብዙ ቀን በጥላ ከቈየ በኋላ በሜዳ ላይ በእንጨት፣ በገለባና በኩበት እሳት ይተኰሳል። በዚያች ሰዓት ድንገት ነፋስ ቢነሣ ወይም ዝናብ ቢመጣ የብዙ ሳምንት ድካም ተሰንጥቆ ገል ይሆናል። የተረፈውን ደግሞ በጀርባዋ አዝላ ወደ ገበያ ትወጣለች። ዛሬ ጀሪካኑና የብረት ድስቱ ገበያዋን እየተሻማ ነው። የረኃብ ጊዜ ሲመጣም ቀድማ የምትጐዳው እርስዋ ናት፤ የሚበስል በሌለበት ድስት የሚገዛ የለምና።

ይህ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ እንዳልሆነ የተረዳሁት ስለ አንድ የሕንድ አገር ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ነው። በቢሃር ክፍለ ሀገር ሚቲላ በሚባለው አካባቢ ሴቶች ከጥንት ጀምሮ የጭቃ ቤታቸውን ግድግዳ በሥዕል ያስጌጡ ነበር፤ ይልቁንም የሙሽሮችን ክፍል። እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1967 በቢሃር ብርቱ ድርቅ ሆነ። በዚያን ጊዜ የሕንድ የእደ ጥበብ ቦርድ ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ፑፑል ጃያካር፣ ባስካር ኩልካርኒ የተባለውን ሠዓሊ ወደ ማዱባኒ ላኩ። እርሱም ለሴቶቹ ወረቀት አደለ፤ በግድግዳ ላይ የሚሥሉትን በወረቀት ላይ ሥለው እንዲሸጡ አበረታታቸው። ከርዳታ ሥራ ጋር የተወለደው ይህ ሐሳብ ብዙ ቤተሰብ መገበ፤ ሴቶቹም በየስማቸው ታወቁ። ጃግዳምባ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ሲታ ዴቪ በ1981፣ ጋንጋ ዴቪም በ1984 ፓድማ ሽሪ የተባለውን የመንግሥት የክብር ሽልማት ተቀበሉ።

ሆኖም በመጀመሪያ በሥራው የታወቁት በአብዛኛው ከፍ ካለ ወገን የተወለዱት ሴቶች ነበሩ። ዝቅ ተደርገው የሚታዩት የዱሳድ ወገን ሴቶች ግን ቈይተው በሰውነታቸው ላይ ከሚነቀሱት ንቅሳት ተነሥተው የራሳቸውን አሣሣል አወጡ። ከዓሣ አጥማጆች ወገን የተወለደችው ዱላሪ ዴቪም በአንዲት ታዋቂ ሠዓሊት ቤት አገልጋይ ሆና ስትሠራ ሥዕል ተማረች፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እርስዋም ያንኑ ሽልማት ተቀበለች። ይህን ሳነብ ያቺ ከአጥሩ ውጭ የቆመች እናት ታወሰችኝ። ወረቀቱን ማደል አንድ ነገር ነው፤ ለማን እንዳልደረሰ መጠየቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ በሁለተኛው ዓመት ደንባችንን ለወጥን። ማስታወቂያው በቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳይሆን በገበያ፣ በውኃ ጕድጓድና በየመንደሩ ተነገረ። ተወዳዳሪዋ ያለቀውን ሥራ ከመጀመሪያው ላይ ካለ ሌላ ሥራ ጋር ታመጣለች፤ በዳኞች ፊትም ትቀጥለዋለች። ስፌት የምትሰፋ ስንደዶዋን፣ አክርማዋንና ወስፌዋን ይዛ ትቀመጣለች፤ የምትፈትል እንዝርቷን ታሾራለች፤ ሸክላ የምትሠራ ጭቃዋን ይዛ ትመጣለች። ከዳኞቹ እኩሌቶቹ ባለ ሙያ ሴቶች እንዲሆኑ ወሰንን። ዕቃ ቢሸጥ ዋጋው ሙሉ በሙሉ የሠሪዋ ነው። ያን ደንብ ስንወስን ከእንግዲህ የገዛውን ሰው አንሸልምም ማለታችን ነበር።

ዕቃውንም በዐይን ብቻ አንዳኝም። ገንቦው ውኃ ተሞልቶ ያድራል፤ ጧት ከሥሩ ያለው መሬት ይታያል። ምጣዱ ይሟሻል፤ ከዚያም እንጀራ ይጋገርበታል፤ እንጀራው ሳይጣበቅ ሊነሣ ይገባል። ሞሰቡ ከአፉ እስከ እግሩ በጣት እየተዳሰሰ ስፌቱ ይመረመራል። ጀበናው ደግሞ ቡና ይፈላበታል።

ፈተና የመጣብን በጀበናው ነበር። ጀበናውን የሠራችው ቡናውን ራሷ ታፍላ፣ ራሷም ትቅዳ ብለን ነበር። እኒያ ባለ ሁለት ጥፍር እናት ቡናውን ቀድተው ሲኒዎቹን ሲያቀርቡ አዳራሹ ጸጥ አለ። ከተጋበዙት መካከል ሁለቱ ተነሥተው ወጡ። አንድ ሽማግሌ፣ በአካባቢው ቃላቸው የሚሰማ ሰው፣ ሲኒውን ተቀብለው ለብዙ ጊዜ በእጃቸው ይዘው ቈዩ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በኋላ እንደ ነገሩኝ በዚያች ሰዓት ያሰቡት የአባታቸውን ትእዛዝ ነበር። ከዚያም ጠጡ። «ቡናው ቀጥኗል» አሉ። እናቲቱም ወዲያው «ውኃውን የለካው ልጅዎ ነው» ብለው መለሱላቸው፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ከሳቁ ይልቅ ሽማግሌው ሁለተኛውን ሲኒ መቀበላቸውን አስታውሳለሁ።

ነገር ሁሉ ተስተካክሏል ብዬ ብናገር እዋሻችኋለሁ። የወጡት ሁለቱ ሰዎች እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ጋብቻው እንደ ዱሮው ነው። አንዳንድ ሰዎች ልጆቻቸውን ወደዚህ ትርኢት አይልኩም። በእኛ በአማኞች መካከል እንኳ አብሮ መዘመር የሚቀልለው፣ አብሮ መብላት ግን የሚከብደው ሰው አለ። ከአንድ ውድድር ብዙ መጠበቅ አይገባም። ቢሆንም ባለፈው ዓመት አንዲት የሸክላ ሠሪ ልጅ ስትመዘገብ ጸሐፊው «የማን ልጅ ነሽ?» ቢላት፣ አንገቷን ሳትደፋ የእናቷን ስም ጠርታ «ገንቦ አንደኛ የወጣችው» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ ማደሪያው ድንኳን በኦሪት ዘጸአት ስንማር ስለ ባስልኤልና ስለ ኤልያብ ብዙ ተማርን፤ ሁለቱም በስማቸው ተጠርተዋል። በዚያው ምዕራፍ በእጃቸው የፈተሉ ጥበበኛ ሴቶች ተጠቅሰዋል፤ በዚያን ጊዜ ግን አልፌአቸው ሄድሁ። በሐዋርያት ሥራም በኢዮጴ ያሉ መበለቶች ዶርቃ የሠራችላቸውን ልብስ ለጴጥሮስ እያለቀሱ ሲያሳዩት እናነባለን። ያም እንደ ትርኢት ነበር። ልብሱን ሲያሳዩ ማን እንደ ሠራው ያውቁ ነበር፤ ያለቀሱትም ስለ እርስዋ ነበር።

ስለዚህ የተወደዳችሁ እንግዶችና ደጋፊዎቻችን፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ስትዘዋወሩ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ዕቃውን ከመንካታችሁ በፊት ወረቀቷን አንብቡና ሠሪዋን በስሟ ሰላም በሉ፤ ከዕቃዋ አጠገብ ተቀምጣለችና። ሁለተኛ፣ ለቤተ ክርስቲያን ርዳታ ነው ብላችሁ ከዋጋው በላይ አትስጡ፤ ገበያ ነው ብላችሁም አትከራከሩ። ዋጋውን የቈረጠችው ድካሟን የምታውቅ ሴት ናት። ሦስተኛ፣ ቡናው ሲቀርብ ተቀመጡ። ዘንድሮ ሽልማቱ በገንዘብ ነው፤ ብርድ ልብስ ይሻላል ወይስ ገንዘብ ብለን ብንጠይቃቸው እናቶቹ የመለሱልን ይህን ነውና።

በመግቢያው በር ላይ ስም የምትመዘግበውን እኅት አይታችኋታል። በመጀመሪያው ዓመት ብርድ ልብሱን የተሸለመችው እርስዋ ናት። ይህን እንድነግራችሁ የፈቀደችልኝም ራሷ ናት። ዛሬ ማንም ዕቃ ይዞ ቢመጣ የምትጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ሠራው?» የሚል ነው።

አሁን ትርኢቱ ተከፍቷል። ቡናውም ደርሷል፤ ግቡ።