ወንበርና የራስ ሥራ

(በመካነ ሰላም በተካሄደው ዓመታዊ ጉባኤያችን ላይ የሥራ አመራር ኮሚቴያችን ያሰማው ንግግር)



ሒሳብ ከማሰማታችን በፊት ስለ ኃይሌ ገብረሥላሴ ትንሽ እንድናወራ ፍቀዱልን። ሩጫውን ታውቁታላችሁ። በ1965 ዓ.ም. አሰላ አጠገብ ከገበሬ ቤት ተወለደ። በአትላንታና በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘ፤ ሲድኒ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነው። በመስከረም 2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨረሰ።

እኛን የሚመለከተን ሌላው ነው። ኃይሌ ወደ ንግድ የገባው ገና እየሮጠ ሳለ ነው። አዲስ አበባ ቦሌ መንገድ ላይ የሠራው ሕንፃ በባለቤቱ በዓለም ስም ይጠራል። (ይህን ስናነብ አንዷ፣ «የእኔው ባል እንኳን ሕንፃ፣ አንዲት በግም በስሜ አልጠራ» ብላ አሳቀችን።) በ1994 ዓ.ም. ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ተጀመረ፤ የሴቶች ብቻ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫም ኋላ ተከተለ። ሆቴል፣ የቡና እርሻ፣ የመኪና መገጣጠሚያ ጨመረ። ሁሉም አልጋ በአልጋ አልነበረም፤ በ2012 ዓ.ም. በነበረው ሁከት ሻሸመኔና ዝዋይ ያሉት ሆቴሎቹ ተቃጥለዋል።

በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. አትሌቶች ቅሬታ ሲያነሱ ዘመኑን ሳይጨርስ ለቀቀ፤ ቦታውን ደራርቱ ቱሉ ተረከበች። አንዳንዶቻችን «ቸኮለ፣ ቢታገስ ቅሬታውን ይፈታው ነበር» እንላለን። ግማሾቻችን ደግሞ «ደግ አደረገ» ባዮች ነን። በአንድ ነገር ግን ተስማምተናል፤ በማግስቱ የሚሄድበት ሥራ ነበረው። እንጀራው ከወንበሩ ላይ አልነበረም።

ይህን ማንሳታችን ስለ ራሳችን ነው። የመረጣችሁን ለ2 ዓመት ነበር፤ ይኸው 5 ሆነን። «ቆዩልን» አላችሁን፣ እኛም ደስ ብሎን ቆየን። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ደሴ ለሥልጠና ስንጠራ የምናገኘው አበል የጨው የበርበሬያችን ሆኖ ነበር። ፈትሉንም በጉንም እየተውነው መጣን። ባለፈው ክረምት «የብድሩ ተራ ለምን ተዛባ?» ብላችሁ ስትጠይቁን አድበስብሰን ያለፍነው ወንበሩ እንዳይወሰድብን ፈርተን ነው። ተራ ያለፈባችሁ እህቶች፣ ይቅር በሉን።

ስለዚህ ዛሬ ሒሳቡን አሰምተን እንወርዳለን። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ተራው የተዛባበትን ገጽ አጥፈንላችኋል። የሣጥኑ 3 ቁልፎችም አብረው አሉ። አስመራጮች፣ ቅረቡና ተረከቡን።