ወላይታ ላይ የቀሩት 48

እ.ኤ.አ. በ1937 የኢጣሊያ ወራሪ ጦር የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚስዮናውያንን ከወላይታ ሲያስወጣ፣ ከዓመታት ልፋት በኋላ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። በእጃቸው የቀረው በወላይትኛ የተተረጎመ ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ነው። መሪዎቻቸው ታሰሩ፤ ተገረፉ፤ የጸሎት ቤቶቻቸውም ፈረሱ። ሚስዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጋ ምእመን ጠበቃቸው።

እኔን ከቁጥሩ ይልቅ የሚነካኝ ስንቁ ነው። ያኔ እስረኛን የሚመግበው ቤተሰቡ ነበር። አማኞቹ ለወንድሞቻቸው ያመጡት ምግብ ግን ጠያቂ ለሌለው እስረኛም ተረፈ። የማያውቁት ሰው ሲያጎርሳቸው፣ «እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ናቸው?» ብለው የጠየቁ ብዙዎች ናቸው። ስብከቱ የተጀመረው እዚያ እንጀራ ላይ ይመስለኛል።

ከዚያም የተላከላቸው ራሳቸው ላኪ ሆኑ። የወላይታ ወንጌላውያን ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው፣ በእግራቸው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ አሪ ወረዱ። ደገኛ ለቆላ ወባ ራሱን ሲሰጥ ቀላል ነገር አይደለም! ቋንቋውን እዚያው፣ ከጎረቤት ጋር እየኖሩ ተማሩ። ቀለባቸውን የሚያዋጡት ደግሞ የላኳቸው ገበሬዎች ነበሩ።