የውሃው ጥያቄ፦ በማንቡክና በአካባቢው ስለ ጡት ማጥባት ምክር



ማንቡክ በመተከል ዞን የዳንጉር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ጉሙዙ፣ አገው፣ ሺናሻውና አማራው በአንድነት የሚኖሩበት አካባቢ ቆላ ነው። በሙቅ አገር ለአራስ የሚሰጥ ምክር ከአንዲት ጥያቄ ጋር መጋጠሙ አይቀርም፤ ይኸውም «ሕፃኑ ውሃ አይጠማውም ወይ?» የምትለው ናት።

ጥያቄዋ ከፍቅር እንጂ ከቸልታ የመነጨች አይደለችም። ስለሆነም በተግሣጽ ሳይሆን በማስረዳት ልትመለስ ይገባል። ከእናት ጡት ወተት ከመቶው ሰማንያ የሚበልጠው እጅ ውሃ ነው፤ በሙቀትም ወራት የሕፃኑን ጥም ይቆርጣል። ውሃ የተሰጠው ሕፃን ግን ሆዱ ስለሚሞላ ጡት መሳቡን ይቀንሳል፤ ጡቱም ካልተሳበ ወተቱ ይጎድላል። እናቲቱም «ወተቴ አነሰ» ብላ ሌላ ትጨምራለች። ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ተቅማጥ ይከተላል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ግጭት እንደታየው፣ ሕዝብ ከቀዬው ሲፈናቀል ይህ አደጋ እጅግ ይከፋል።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ሁለት ወር ካልሞላቸው ሕፃናት 74 በመቶው የእናት ጡት ወተት ብቻ ይመገቡ ነበር፤ ከ4 እስከ 5 ወር ከሆናቸው ግን 36 በመቶው ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ብዙዎቹ እናቶች ጅምሩን ተቀብለውታል፤ የሚቸግራቸው መዝለቁ ነው።

ለዚህም አንዱ ምክንያት ሥራ ነው። የጉሙዝ ሴት እርሻ ትቆፍራለች፤ በትከሻዋ ላይ በሚያርፍ ዘንግ ሸክም አንጠልጥላ ረጅም መንገድ ትሄዳለች። ለእርስዋ «ስድስት ወር ጡት ብቻ» ማለት ብቻውን ምክር አይሆንም። ሕፃኑን ይዛ የምትውልበትን፣ ወይም ወተቷን በንጹሕ ዕቃ አልባ ለጥቂት ሰዓት የምታቆይበትን መንገድ አብሮ ማሰብ፣ ባልና አማትንም ማነጋገር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምክንያት የሙያው የቀድሞ ቃል ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1993 ዓ.ም. ስድስት ወር ብሎ እስኪወስን ድረስ ምክሩ «ከአራት እስከ ስድስት ወር» የሚል ነበር። በአራት ወር አጥሚት የምታስጀምር አያት ምናልባት ከጤና ጣቢያ የሰማችውን ትጠብቅ ይሆናል። ስለዚህ ምክሩ የተለወጠበት ምክንያት በአክብሮት ሊነገራት ይገባል።

በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው መርሐ ግብር የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ምክሩን እስከ ቤት ደጃፍ አድርሰውታል። የቀረው ሥራ እናቲቱን በቋንቋዋ አስቀድሞ መጠየቅ፣ መልስዋንም እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ነው።