በክረምት የጣና ወፎች ወዴት ይሄዳሉ?

ክረምት በገባ ቁጥር በልዩ ልዩ እጅ ተጽፎ፣ በሐሳቡ ግን አንድ ሆኖ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በጥቅምትና በኅዳር በፎገራ ሜዳ ላይ ቃርሚያ ለመልቀም በሺህ እየሆኑ የሚወርዱት፣ ጩኸታቸው ከሩቅ የሚሰማው እግረ ረጃጅም አዕዋፍ አሁን ወዴት ሄዱ፣ ጣናስ ለምን ባዶውን ቀረ የሚል ነው።

እነዚያ ክሬን የሚባሉት አዕዋፍ ከሩሲያና ከሰሜን አውሮፓ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ እንግዶች ናቸውና፣ የካቲት ሲያልቅ፣ መጋቢት ሲብት ወደ መጡበት ተመልሰው በዚያ ይፈለፍላሉ። ጣና ባዶውን ቀረ ማለት ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ እንግዳው ተሸኝቶ ሲሄድ ባለቤቱ ከቤቱ አለ፤ እንዲያውም ሥራ የሚበዛበት በዚህ ጊዜ ነው። ዛሬ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ነገር ይህ ነው፤ ክረምት የጣና ወፎች የሚጠፉበት ሳይሆን የሚወልዱበት ወራት ነው።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ባሕር ቢሆንም፣ እጅግ በጎደጎደበት ሥፍራ እንኳ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ በሰኔ ጎድሎ የነበረው ውሃ፣ ግልገል ዓባይና ጉማራ፣ ርብና መገጭ ዝናሙን ሰብስበው ሲያመጡለት ጥቂት ከፍ ያለ እንደ ሆነ፣ በፎገራና በደምቢያ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ትናንት ከብት ይግጥበት የነበረውን መስክ ሁሉ ረግረግ ያደርገዋል። በዚያም ነፍሳቱ፣ እንቁራሪቱና ትንንሹ ዓሣ ይበዛል፤ ደንገሉና ፊላው ያድጋል፤ ወፎቹም ለጫጩቶቻቸው ሲሳይና መሸሸጊያ አብረው የሚገኙበት ከዚህ የተሻለ ጊዜ ስለሌላቸው ጎጆአቸውን በክረምት ይሠራሉ።

ከከተማ ሳትወጡም ማየት ትችላላችሁ። በባሕር ዳር ዳርቻ ባሉት ዛፎች ላይ ቢጫው ሸማኔ ወፍ ከዘንባባ ቅጠል ረጅም ክር በምንቃሩ ሰንጥቆ ያወጣና፣ አንዱን ጫፍ በእግሩ ረግጦ ሌላውን በቅርንጫፉ ላይ ጠምዝዞ ይቋጥራል፤ ጎጆው ሲያልቅ ከበታቹ ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል፤ እርስዋም ገብታ መርምራ ሳትወደው ከቀረችና ቅጠሉ ከደረቀ፣ ወንዱ የደከመበትን ሁሉ በገዛ ምንቃሩ አፍርሶ እንደ ገና ይጀምራል። ይህን ቆሜ ስመለከት ሻይ የቀዘቀዘብኝ ጊዜ ብዙ ነው። ከሣሩ መካከል ደግሞ፣ በበጋ ከድንቢጥ የማይለይ የነበረ አንድ ትንሽ ወፍ፣ ግንባሩና ሆዱ ጠቁሮ፣ ጉሮሮውና ጀርባው ደማቅ ቀይ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ሴቷን የሚጠራበት የክረምት ልብሱ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ጣቶቹ እጅግ ረጃጅም ስለሆኑ በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ ሳይሰጥም የሚራመደው ወፍ ነው። ሴቷ የሚያብረቀርቁ፣ በቡናማ ላይ ጥቁር የተሞነጫጨረባቸውን አራት ያህል እንቁላሎች በውሃ ላይ በተንሳፈፈ ሣር ላይ ጥላ ወደ ሌላ ወንድ ትሄዳለች፤ የሚታቀፈውም፣ የሚያሳድገውም አባት ነው፤ አደጋ ሲመጣም ጫጩቶቹን በክንፉ ሥር ወሽቆ፣ ትንንሽ እግሮቻቸው ከጎኑ ተንጠልጥለው እየታዩ፣ ይዟቸው ይሄዳል። እንግዲህ አንድ ከብት በዚያ ሣር መካከል ቢያልፍ ምን እንደሚቀር አስቡት።

በጭምባ ረግረግ የሚኖረው ባለ ዘውዱ ክሬን ከእንግዶቹ ጋር ወገን ቢሆንም አገሩ ይህ ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ መካከል ሣርና ቄጠማ ከምሮ፣ ሁለትና ሦስት እንቁላል ጥሎ፣ ወንድና ሴት እየተፈራረቁ አንድ ወር ያህል ይታቀፋሉ፤ ጫጩቱም ከተፈለፈለ በኋላ ለመብረር ከሁለት ወር በላይ ያስፈልገዋልና፣ ያን ሁሉ ጊዜ መሸሸጊያው ሣሩ ብቻ ነው። አንዳንዶቻችሁ፣ ልጆቻችን ጫጩት ይዘው መጥተዋልና ምን እናብላው ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። ሳልቆጣ ልናገረው አልችልም፤ የምታበሉት ነገር የለም፤ ልጁ ካገኘበት ሥፍራ በዚያው ቀን ይመልሰው፤ እናትና አባቱ እየጠሩ ይፈልጉታል።

ለጫጩት ማሰብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንታችን በነሐሴ እጓለ ቋዓትን፣ ደሰያትንና ዐይነ ኵሉን በአንድነት ሲያዘክሩ፣ የቁራ ግልገል፣ በውሃ የተከበበች ደሴትና የሁሉም ዓይን ሲሳያቸውን ከፈጣሪ ተስፋ የሚያደርጉበትን ወራት ያስባሉ፤ የጣና ደሴቶች ገዳማትም ዛፋቸውን ሳያስቆርጡ በመኖራቸው ለአዕዋፍ መጠለያ ሆነዋል። የእነርሱ ሥርዓት ከደሴቱ ወጥቶ እስከ ዳርቻው ቢደርስ ምን ነበረበት?

ሰዓቱ እየገፋብኝ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ መመዝገቡንም ታውቃላችሁ፤ ነገር ግን ሣር ውስጥ ያለችውን እንቁላል በየዕለቱ የሚያገኛት እረኛውና ዓሣ አጥማጁ ነው። ታንኳ ሠሪው ደንገል አይጭድ አልልም፤ እንጀራው ነው፤ ጎጆ ካለበት ግን ጥቂት ይራቅ፣ ጊዜውንም ያሳልፍ። አሁን በደንገሉ ውስጥ እንቁላልና ለመብረር ያልደረሰ ጫጩት አለ፤ ከዚህ ሁሉ ንግግሬ ሌላው ቢረሳችሁ ይህ አይረሳችሁ።

ስለዚህ በዳርቻው የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ውሃው ሞልቶ መጉደል እስኪጀምር፣ ጫጩቶቹም በክንፋቸው እስኪነሡ ድረስ፣ ከብቶቻችሁን ከረግረጉ መልሱ፤ ልጆቻችሁንም ዛሬ ማታ በእራት ጊዜ፣ ወንጭፉን እንዲያስቀምጡና ጎጆ እንዳይነኩ አደራ በሏቸው።