ከፔንታው ማግስት

እሷ፦ ትናንት ልጄ የፔንታ ክትባት ተወግቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲነጫነጭ አደረ። ጭኑ አብጦ፣ ሰውነቱ ግሎ።

እሱ፦ አይዞሽ፣ ያልፋል! እኔስ የኮቪዱን አስትራዜኒካ የተወጋሁ ማታ ጋቢ ደራርቤ ስንቀጠቀጥ አልነበር?

እሷ፦ ጎረቤቴ ግን «ሁለተኛ እንዳትወስጂው» አለችኝ።

እሱ፦ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ሳይመጡ የሚቀሩት እናቶች እንግዲህ በዚህ ፍርሃት ነው። አልፈርድባቸውም፤ ትኩሳት ሊኖር ይችላል ብሎ ቀድሞ የነገራቸው የለም።

እሷ፦ ሁሉም በፍርሃት ነው እንዴ? በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ መሠረታዊ ክትባቶችን የጨረሱ ሕፃናት አዲስ አበባ 89 በመቶ፣ አማራ ክልል 46፣ አፋር 15 ነበሩ። የአፋር እናት ይህን ያህል ፈሪ ሆና ነው?

እሱ፦ መንገዱ ነዋ!

እሷ፦ መንገዱም፣ ክትባቱን የሚያቀዘቅዘው በረዶም። እዚሁ ጣና ላይ፣ ወደ ደቅ ደሴት ክትባቱ የሚሻገረው በጀልባ ነው።

እሱ፦ የኩፍኙ ብልቃጥ ደግሞ አንዴ ከተበጠበጠ፣ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል።

እሷ፦ እሱ ነው ነገሩ! የጤና ባለሙያዋ ለአንድ ልጅ ለመክፈት ትሳሳለች፤ እናትየዋ «ሌላ ቀን ነይ» ትባላለች።

እሱ፦ ለአንድም ቢሆን ይከፈት ባይ ነኝ።

እሷ፦ እኔም። ተተኪው ብልቃጥ በጊዜ ከደረሰ።